ቤት ስናሳድስ ወንድማማችነት እንዳይፈርስ

የንባብ ክፍሎች፦ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12፤ ኤርምያስ 32፥6-15፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥1-8

 

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ርእስ ለመድረክ ያልተለመደ ነው። ስለ ቤት እድሳት ነው የምናገረው። ስለ ቤዝመንት፣ ስለ ኪችን፣ ስለ ሻወር፣ ስለ ጣራ። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ አንገታችሁን ደፍታችኋል፤ ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። እዚህ ሜሪላንድና አካባቢው በምንኖር አማኞች መካከል ሰላምታ ከሚያቋርጡ ነገሮች አንዱ ይህ ሆኗልና። በትምህርተ ሥላሴ አንድ ነን። በጥምቀት አንድ ነን። በአንድ ጽዋ እንጠጣለን። ከዚያ በታይል እንጣላለን።

"ፓስተር፣ ይህ መንፈሳዊ ነገር አይደለም" የሚል ሰው ካለ መጽሐፍ ቅዱሱን ይክፈት። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12ን አብረን አንብበናል። ምዕራፉ ስለ እድሳት ነው። የቆመ ሥራ አለበት፤ የተሰበሰበ ገንዘብ አለበት፤ አናጢና ግንበኛ አለበት፤ እንጨትና የተጠረበ ድንጋይ ግዢ አለበት። መንፈስ ቅዱስ ይህን ሁሉ ያስጻፈው ቦታ ለመሙላት አይደለም። አሜን?

ታሪኩን እንየው። ኢዮአስ በሰባት ዓመቱ ነገሠ። የእግዚአብሔር ቤት በዚያን ጊዜ ተጎድቶ ነበር። ንጉሡ ካህናቱን ጠርቶ፣ ገንዘብ ተቀብላችሁ የፈረሰውን አድሱ አላቸው። ካህናቱም ገንዘቡን ይቀበሉ ነበር። ሕዝቡም ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ኢዮአስ በነገሠ በ23ኛው ዓመት ቤቱ አልታደሰም። ስንጥቁ እዚያው ነው።

ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ካህናቱ ሰረቁ አይልም። ክፉ ሰዎች ነበሩም አይልም። ካህናት ናቸው፤ በመቅደስ ያገለግላሉ። ግን ማን ስንት ተቀበለ፣ ስንቱ ለሥራው ወጣ፣ መቼ ይጠናቀቃል የሚለው ነገር አልተለየም ነበር። ቅዱስ ቦታ ላይ ያሉ ቅዱስ ሰዎች፣ ቅዱስ ሥራ ይዘው፣ ሥራው ቆመ።

ንጉሡ ምን አደረገ? ዮዳሄንና ካህናቱን ጠርቶ ለምን አላደሳችሁም ብሎ ፊት ለፊት ጠየቃቸው። ከኋላቸው አላማቸውም። ከዚያ አሠራሩ ተለወጠ። ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን በሳው፤ በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡ በዚያ ይገባል። ሣጥኑ ሲሞላ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ አብረው ይቆጥሩታል። የተመዘነው ገንዘብ ሥራውን ለሚቆጣጠሩት ይሰጣል፤ እነርሱም ለአናጢዎች፣ ለግንበኞች፣ ለድንጋይ ጠራቢዎች ይከፍላሉ። ሥራው ሄደ!

አያችሁ? እንባ አላስፈለገም፤ ግልጽነት ነው ያስፈለገው። ሊቀ ካህናቱ "እኔን አላመናችሁኝም ወይ? ለምን ጸሐፊ አብሮኝ ይቆጥራል?" አላለም። የተቀባ ሰው ነው፤ ግን ሁለት ሆነው መቁጠራቸው ክብሩን አልነካውም።

ይሉኝታ ፍቅር አይደለም

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ሐበሾች አንድ ትልቅ በሽታ አለብን፤ ስሙ ይሉኝታ ነው። ወንድም ከወንድም ጋር ሥራ ሲጀምር ወረቀት ማውጣት እናፍራለን። "አንተና እኔ መካከል ምን ውል ያስፈልጋል? ጌታ ምስክር ነው" እንባባላለን። ቡና ይፈላል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ቼክ ይጻፋል። ስንት ካሬ ታይል እንደሆነ ማንም አልጻፈም። ፐርሚት የሚያወጣው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። መቼ እንደሚያልቅ "በቅርቡ" ነው።

እስቲ ኤርምያስ 32ን ተመልከቱ። ሻጩ ማን ነው? የኤርምያስ የአጎት ልጅ። የሥጋ ዘመድ! መሬቱን እንዲገዛ ያዘዘው ማን ነው? እግዚአብሔር ራሱ። ከዚህ በላይ መንፈሳዊ የሆነ ግዢ ከየት ይመጣል? ኤርምያስ ግን "የእግዚአብሔር ድምፅ አለ፤ ዘመድም ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል" አላለም። 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ። ውል ጻፈ፤ ፈረመ፤ አተመ፤ ምስክር አቆመ። ውሉ የታተመና ክፍት የሆነ ቅጂ ነበረው። ሁለቱንም ለባሮክ ሰጠው፤ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። ይህን ሁሉ ያደረገው እስር ቤት ሆኖ፣ ከተማዋ ተከብባ እያለች ነው።

እንግዲህ ነቢዩ ከአጎቱ ልጅ ጋር ውል ከጻፈ፣ እኔና እናንተ በቤዝመንት ጉዳይ ብንጽፍ ምን ይጎድልብናል?

አንዳንዱ "ፓስተር፣ ወረቀት ስጠይቀው አላመንከኝም ብሎ ቢቀየመኝስ?" ይለኛል። ቀላል ነው። "ወንድሜ፣ አንተን ስለማምን ነው የቀጠርኩህ። የምጽፈው ከስድስት ወር በኋላም አብረን ቡና እንድንጠጣ ነው" በለው። በወረቀት የሚቀየም ሰው በሥራው መካከል በባሰ ነገር ይቀየማል። ሥራው ሳይጀመር ብታውቀው ይሻላል።

ከአንድ በላይ ቤት ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ማንም "ስለ እኔ ነው" እንዳይል። አንድ ወንድም እናቱ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። ለእርሳቸው ቤዝመንቱን ክፍልና ሻወር ያለው አድርጎ ሊያሠራ ሁለት ዓመት ቀን ሠርቶ ማታ ኡበር እየነዳ አጠራቀመ። ሌላው ወንድም በቅርቡ የራሱን ሥራ የጀመረ ነው። ወንድሙን ለመርዳት ዋጋውን ቀነሰለት፤ ከሚያወጣው ወጪ በታች ቀነሰ። ባለቤቱ ደስ ብሎት አብዛኛውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሰጠው። ሥራው ተጀመረ። "እግረ መንገድህን ይቺን በር አዙርልኝ፤ እግረ መንገድህን እዚህ ጋ መብራት ጨምርልኝ" ተባለ። ባለሙያው እምቢ ማለት አፈረ። ገንዘቡ አለቀ። ሠራተኛ መክፈል አቃተው። የሌላ ሰው ሥራ ይዞ በዚያ ገንዘብ ይህንን ሊሸፍን ሞከረ። ስልክ ማንሳት አቆመ። እናት መጡ፤ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኙ።

ማን ነው ክፉው ሰው? ሲጀምሩ ማንም ክፉ አልነበረም። ሁለቱም በፍቅር ነው የጀመሩት። ግን ፍቅራቸው እውነት አልተነጋገረም። አንዱ ትክክለኛውን ዋጋ መናገር አፈረ፤ ሌላው መጠየቅ አፈረ። ዛሬ አንዱ በዚህ በር ይገባል፣ ሌላው በዚያ በር ይወጣል። ልጆቻቸው በሰንበት ትምህርት ቤት ጎን ለጎን መቀመጥ ትተዋል። የጌታ እራት ሲመጣ አንዱ አይወስድም። ስለዚህ ነው ይህ መንፈሳዊ ነገር የሆነው፤ የጌታን ማዕድ ነክቷልና።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጌታችን ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር በሉቃስ 14 አስተምሯል። ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ግን ምሳሌው የተወሰደው ከሥራ ቦታ ነው፤ ጌታችንም ጸራቢ ነበር። ጀምሮ አለመጨረስ ምን ዓይነት ውርደት እንደሆነ ያውቃል።

የመጀመሪያው ነገር፦ ወንድም ስለሆነ ብቻ አትቅጠሩ። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ እንጨት በመቁረጥ እንደ ሲዶናውያን የሚያውቅ ከእኛ ዘንድ የለም ብሎ ወደ ጢሮስ ንጉሥ ወደ ኪራም ላከ፤ ደመወዙንም አብረው ተስማሙ። በ1ኛ ነገሥት 5 ታገኙታላችሁ። ለእግዚአብሔር ቤት እንኳ ሙያ ያለው ሰው ተፈለገ። ወገኖቼ፣ አንድ ወንድም በልሳን መናገሩ ቧንቧ መግጠም መቻሉን አያረጋግጥም። የሠራውን ቤት ሄዳችሁ እዩ። ያሠሩትን ሰዎች ጠይቁ። ሙያም ታማኝነትም ያለው ወንድም ካገኛችሁ ግን እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ ሥራውንም ስጡት።

ሁለተኛ፦ የምንኖርበትን አገር ሕግ እናክብር። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት እድሳት የሚሠራ ኮንትራክተር የሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፤ ያለ ላይሰንስ መሥራት በሕግ ወንጀል ነው። የላይሰንሱን ቁጥር ኦንላይን ማየት ትችላላችሁ። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ ራሱ ያዝዛል፤ የሥራው ዝርዝር፣ ዋጋው፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ግምታዊ ቀን፣ የሁለቱም ፊርማ ይኖርበታል። ቀብድ ደግሞ ከጠቅላላው ዋጋ ከሦስት አንድ እጅ መብለጥ የለበትም። 30,000 ዶላር ለሚያወጣ ሥራ ቀብዱ ከ10,000 አይበልጥም ማለት ነው። ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ሥራውን አበላሽቶ ቢጎዳችሁ፣ ጉዳታችሁን ካረጋገጣችሁ እስከ 30,000 ዶላር ሊከፍል የሚችል የዋስትና ፈንድ አለ። ላይሰንስ የሌለው ሰው ከሠራው ግን ከዚያ ፈንድ አንዲት ዶላር አይገኝም። ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ የየራሳችሁ ሕግ አለ፤ ጠይቃችሁ እወቁ።

"ይህ የሥጋ ነገር ነው" አትበሉ። ዘዳግም 22፥8 ላይ እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ አዘዘ፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ይህ የግንባታ ኮድ ነው! ዛሬ ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ክፍል ስታሠሩ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልጋል የሚባለው ያው ነው። ቤታችሁ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ እርሳስ ያለበት ቀለም ሊኖር ስለሚችል፣ ያንን ቀለም የሚነካ ሥራ ለዚሁ ሠልጥኖ ሰርተፊኬት ያገኘ ድርጅት እንዲሠራው የፌዴራል ሕግ ያዝዛል። አቧራው ሕፃናትን ይጎዳል። "ፐርሚት ብዙ ያስወጣል፣ ዝም ብለን እንሥራው" የምትሉ፣ በዚያ ክፍል የሚተኛው ማን ነው? እናታችሁ ናት። ወይም ከአገር ቤት የመጣ ተከራይ ወንድም ነው።

ሦስተኛ፦ በመካከል የሚጨመር ነገር ሁሉ ይጻፍ። "እግረ መንገድህን" የምትለዋ ቃል ብዙ ወዳጅነት አፍርሳለች። በር ማዞር ከፈለግህ፣ ስንት ይጨምራል፣ ስንት ቀን ይወስዳል ብለህ ጠይቅ፤ በቴክስትም ቢሆን ጻፈው፤ እርሱም "ተስማምቻለሁ" ብሎ ይመልስ።

ለባለሙያዎቻችን

አሁን የእጅ ሙያ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ልናገር። እናንተን አከብራለሁ። በብርድና በሙቀት የምትሠሩ፣ ጉልበታችሁ ያለቀ፣ ጣታችሁ የተሰነጣጠቀ ሰዎች ናችሁ። በዘፀአት 31 እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላሁት ብሎ በስም የጠራው ባስልኤል ሰባኪ አልነበረም። ባለሙያ ነበር፤ ድንጋይ ይቀርጻል፣ እንጨት ይጠርባል።

ሕዝቅኤል ምዕራፍ 13 ላይ ግን ደካማ ቅጥር ላዩን ስለሚመርጉ ሰዎች ተጽፏል። ዝናብ ሲመጣ ቅጥሩ ይወድቃል። ነቢዩ የሚናገረው ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ነው፤ ምሳሌው ግን ባለሙያን ሁሉ ያስደነግጣል። አገር ቤት የጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጭቃው ከጭድ ጋር በደንብ ካልቦካ ዕለቱን ያምራል፤ በኋላ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲመጣ ይረግፋል። እዚህ አገር ደግሞ ጭድ የሌለበት ምርጊት ሌላ መልክ አለው። ውሃ መከላከያ ሳይደረግበት ታይል የተለጠፈበት ሻወር ነው። በትክክል ሳይታሰር በድራይዎል የተሸፈነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ያመሰግኑሃል፤ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግድግዳው ሻግቶ ይገኛል።

ወንድሜ፣ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን ባለቤቱ አያየውም። ኢንስፔክተሩም ሁሉን አያይም። ቆላስይስ 3 ግን የምትሠራው ለማን እንደሆነ ይነግርሃል፤ ለጌታ ነው። ጌታ ድራይዎል አይጋርደውም።

ወደ 2ኛ ነገሥት 12 ተመለሱ። በምዕራፉ ውስጥ ስለ እነዚያ የሥራ ተቆጣጣሪዎች አንድ አስደናቂ ነገር ተጽፏል። በታማኝነት ይሠሩ ስለነበር ለሠራተኞች የሚከፍሉትን ገንዘብ ሒሳብ አልተጠየቁም። ስማቸው አልተጻፈም፤ ታማኝነታቸው ግን ተጻፈ። "እንግዲያስ እኔንም ሒሳብ አትጠይቁኝ" የሚል ካለ፣ ወንድሜ፣ ሰዎች ይህን የሚሰጡህ ሥራህን አይተው ነው እንጂ አንተ ስለጠየቅህ አይደለም።

ስለዚህ ትክክለኛውን ዋጋ ተናገር። ለወንድምህ ቀንሰህ ግማሽ ላይ ከምትተወው፣ እውነተኛውን ዋጋ ነግረህ ብትጨርስለት እርሱ ነው ፍቅር። ከአንዱ የተቀበልከውን ቀብድ ለሌላው ሥራ አታውለው። ቀኑ ካለፈ ስልክ አትዝጋ፤ ደውለህ "ዘግይቻለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዚህ ቀን እጨርሳለሁ" በል። አብረውህ የሚሠሩትን የቀን ሠራተኞች፣ ቋንቋህን የማይናገሩትንም፣ በጊዜው ክፈል። ላይሰንስ የሌለህ ደግሞ አውጣ። የሁለት ዓመት ልምድ ማሳየትና ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። በዚህ የሚያግዙህ ያለፉበት ወንድሞች በዚህ ጉባኤ ውስጥ አሉ።

ለባለቤቶች

ባለቤቶችስ ነጻ ነን? አይደለንም። ኤርምያስ 22፥13 ባልንጀራውን ያለ ዋጋ አሠርቶ ቤቱን በግፍ ለሚሠራ ሰው ወዮታ ያውጃል። ያዕቆብ 5፥4 ያልተከፈለ ደመወዝ ራሱ ድምፅ አውጥቶ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም በጌታ ጆሮ እንደሚገባ ይናገራል።

ከመካከላችን ሥራው ካለቀ በኋላ ጥቃቅን ስሕተት እየፈለገ የመጨረሻውን ክፍያ የሚያስቀር አለ። "እዚህ ጋ ቀለሟ ትንሽ ወዛለች" ብሎ 3,000 ዶላር ይይዛል። ወዳጄ፣ ያ የቀለም ጠብታ 3,000 ዶላር አያወጣም። "ወንድም አይደለህ፣ ተወው" ብሎ የሰው ላብ ላይ የሚቀመጥም አለ። ባለሙያውም ሞርጌጅ አለበት። እርሱም አገር ቤት የሚጠብቁት አሉ።

ሕጉ ቀላል ነው፦ ከሥራው ቀድማችሁ አትክፈሉ፤ ከሥራው ወደኋላም አትቅሩ። ይህን ያህል ሥራ ሲጠናቀቅ ይህን ያህል ይከፈላል ብላችሁ በውሉ ላይ አስቀምጡ። የተጣላችሁበት ነገር ካለ ያልተጣላችሁበትን ክፈሉ፤ ለተበላሸው የሚበቃውን ብቻ ይዛችሁ ተነጋገሩ።

ግጭት ሲመጣ

ይህን ሁሉ አድርገንም ግጭት ሊመጣ ይችላል። ያኔስ? ማቴዎስ 18 መንገዱን ሰጥቶናል።

መጀመሪያ አንተና እርሱ ብቻ ሁኑ። በዋትስአፕ ግሩፕ አይደለም። በለቅሶ ቤት አይደለም። "የጸሎት ርእስ አለኝ" ተብሎ የሚጀመር ሐሜትም አይደለም! ውሉን ያዝ፤ ፎቶውን ያዝ፤ ቤትህ ጠርተህ የተበላሸውን አሳየው። "አንተ ሌባ" አትበለው፤ "ይህ ቦታ ውሃ ያስገባል፤ በውላችን ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል" በለው። እንዲያስተካክል ዕድልና ቀን ስጠው። ጌታ የዚህ ሁሉ ዓላማ ምንድን ነው አለ? ወንድምህን ማትረፍ። ገንዘቡም ይመለስ፤ ግን ገንዘቡ ተመልሶ ወንድምህ ከጠፋ ሒሳቡ አልተዘጋም።

ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ውሰድ። እዚህ ጋ አንድ ምክር አለኝ። ከሁለቱ አንዱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን። እኛ ሽማግሌዎች መልካም ልብ አለን፤ የሻወር ወለል ወደ የት ማዘንበል እንዳለበት ግን ላናውቅ እንችላለን። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ ጠቢብ እንኳ የለም ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚህ አለ! ኢንጂነሮች አሉን፤ የኤሌክትሪክ ሰዎች አሉን፤ ብዙ ዓመት ኮንትራክተር የሆኑ ወንድሞች አሉን። የሚሰጡት ውሳኔ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው።

አሁን ስለ 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ጥንቃቄ እናድርግ። ቁጥር 7 ወንድም ወንድሙን ከሚከስ ጉዳቱን ቢሸከም እንደሚሻል ያስተምራል። ይህን የምናነበው ለማን ነው? ብዙ ጊዜ ለተበደለው። "ተወው፣ ለጌታ ስጠው፣ ይቅር በል" እንለዋለን። ቁጥር 8ስ? ቁጥር 8 የሚናገረው ለበዳዩ ነው፤ የምታታልሉት ወንድሞቻችሁን ነው ይላል። ቁጥር 7ን ለተበደለው አንብበን ቁጥር 8ን ለበደለው ካላነበብን ሽማግሌዎች አልሆንም፤ የበዳይ ጠበቃ ሆነናል። ይቅርታ ዕዳን አይደብቅም። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ ባስገባ ቀን የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ንስሐ ሒሳብ አለው።

ወንድም ዕዳውን አምኖ ግን የሚከፍለው ከሌለው በየወሩ የሚከፍልበትን መንገድ እናበጅ። በወር 200 ዶላርም ቢሆን ክብር ነው፤ ስልክ መዝጋት ግን ውርደት ነው። ቤተ ክርስቲያንን ሁሉ ንቆ እምቢ ካለ፣ ጌታ ራሱ ያ ሰው እንደ ውጭ ሰው እንዲቆጠር ተናግሯል። ያኔ ተበዳዩ ለኮሚሽኑ ቢያመለክት ወይም ወደ ዳኛ ቢሄድ በሐሜት አንወግረውም። እዚህ ሜሪላንድ እስከ 5,000 ዶላር የሆነ ክርክር በዲስትሪክት ኮርት በስሞል ክሌም ይታያል። ሥራው ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ፣ የጋዝ ሽታ ከሆነ፣ የሚግል ሽቦ ከሆነ፣ ሽምግልና አትጠብቁ፤ የሚመለከተውን ክፍል ዛሬውኑ ጥሩ። ሰውን ከሞት ማዳን ወንድምን መክሰስ አይደለም።

አንዳንዴ ግን፣ ቅዱሳን፣ ጉዳቱን መሸከም የሚችል ሰው ጌታ ያስነሳል። ማንም አስገድዶት አይደለም። ፊልሞና የምትባለዋን አጭር ደብዳቤ አስቡ። አናሲሞስ ጌታውን በድሎ ከሆነ፣ ዕዳው ወደ እኔ ይዙር፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ ጳውሎስ በገዛ እጁ ጻፈ። ጳውሎስም ጻፈ! ዕዳውን "የለም" አላለም፤ በራሱ ስም አስመዘገበው። ይህ ልብ ከየት መጣ? ከቀራንዮ ነው። የእኛ ዕዳ አልተሰረዘም ነበር፤ ተከፈለ እንጂ። ከፋዩም ጌታ ኢየሱስ ነው። ሃሌሉያ!

አምላካችን የቃል ኪዳን አምላክ ነው። ቃሉን አስጽፎ ሰጠን፤ በመንፈሱ አተመን፤ መንፈሱን በልባችን መያዣ አድርጎ ሰጠን። በእኛ የጀመረውንም ሥራ ግማሽ ላይ ትቶ አይሄድም። እንዲህ ያለ አምላክ ልጆች ከሆንን ቃላችን የታወቀ፣ ሥራችን ያለቀ፣ ክፍያችን በጊዜው ይሁን።

ልጨርስ። በዚህ ሳምንት ሥራ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ውል ሳትጽፉ አትጀምሩ። ያቋረጣችሁት ሥራ ያለ ባለሙያዎች፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ ደውሉ። ያልከፈላችሁት ያለ ባለቤቶች፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ላኩ። የተጣላችሁ ደግሞ፣ በማቴዎስ 5 ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ አስተምሯል። የሚቀጥለው እሑድ የጌታ እራት አለን። ሰባት ቀን አላችሁ። ሦስተኛ ሰው ካስፈለጋችሁ ሽማግሌዎቹ አሉ፤ እኔም አለሁ።

ተነሥታችሁ እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ ስለ ቤቶቻችን እናመሰግንሃለን። በሰው አገር ጣራ ሰጠኸን። በጣራው ሥር ግን ቂም እንዳይኖር እንለምንሃለን። የሚሠሩትን እጆች ባርክ፤ ማንም በማያይበት ቦታ ታማኝ አድርጋቸው። የምንከፍለውንም ከስስት አድነን። እውነት መነጋገር ያፈርንበትን ይሉኝታ ከመካከላችን አውጣ። ሰላምታ ያቋረጡ ወንድሞችና እህቶች በዚህ ሳምንት ይነጋገሩ፤ የጎደለው ይመለስ፤ የተበላሸው ይስተካከል። ቤዝመንት ውስጥ የሚያለቅሱ ካሉ አጽናና። ዕዳችንን በከፈለው፣ ሥራውንም በመስቀል ላይ በፈጸመው በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።